መሐላና የአንደበት ጥንቃቄ በኢትዮጵያ ክርስትና

መሐላ ሰው የተናገረው እውነት መሆኑን ወይም የገባውን ቃል የሚፈጽም መሆኑን ለማስረገጥ የእግዚአብሔርን፣ የቅዱሳንን፣ የንጉሥን ወይም የሚወደውን ሰው ስም የሚጠራበት ንግግር ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መሐላን ከእርግማን፣ ከስድብ፣ ከሐሜትና ከዋዛ ፈዛዛ ጋር ከአንደበት ኃጢአቶች ትቆጥረዋለች። ይሁን እንጂ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለዘመናት ባላጋራዎች ሲምሉ፣ ሌባ ሲገዘት፣ መኳንንትም ለንጉሥ ታማኝነታቸውን በመሐላ ሲያጸኑ ኖረዋል። ይህ መጣጥፍ በትምህርቱና በልማዱ መካከል ያለውን ግንኙነት፣ በተለይም ከምሥራቅ ጎጃም (ደብረ ማርቆስ፣ አምበርና አካባቢው) ኑሮ ጋር አያይዞ ይመለከታል።

ስያሜና ትርጉም

በእንግሊዝኛ መማልም ብልግና መናገርም በአንድ ቃል ይጠራሉ። በአማርኛ ግን ለየብቻቸው ስም አላቸው። መሐላ «መሐለ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው። ስለት (በግእዝ ብፅዐት) ለእግዚአብሔር ወይም በቅዱሳን ስም ለተሰየመ ታቦት የሚገባ ቃል ነው። እርግማን በሌላ ሰው ላይ ክፉ መመኘት ሲሆን፣ ግዝት ወይም ውግዘት ካህን በሥልጣነ ክህነቱ ሰውን በቃል የሚያስርበት ነው። ስድብ ሰውን በቃል ማዋረድ ነው።

ስሞቹ ቢለያዩም ድንበራቸው ሁልጊዜ የጠራ አይደለም። «አባቴ ይሙት» የሚል ሰው እየማለ ነው፤ ቃሉን ብቻውን ለሰማው ግን እርግማን ነው። ምክንያቱም መሐላ ሁሉ በውስጡ «ሐሰት ከተናገርሁ ይህ ይድረስብኝ» የሚል ያልተነገረ ሐሳብ አለው። «ሚካኤልን!»፣ «ማርያምን!»፣ «እግዚአብሔርን!» ሲባልም ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው፤ በስሙ ላይ «ን» ተጨምሮ ማሰሪያው ግስ ይዋጣል። የተዋጠውን ሰሚ ስለሚያውቀው የሚሞላው የለም።

በመጽሐፍ ቅዱስ

ብሉይ ኪዳን መሐላን በጠቅላላው አይከለክልም። ዘጸአት 20፥7 የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ ማንሣትን፣ ዘሌዋውያን 19፥12 በስሙ በሐሰት መማልን ይከለክላሉ፤ ዘዳግም 6፥13 ደግሞ የሚምል ሰው በእግዚአብሔር ስም ብቻ እንዲምል ያዛል። በጣዖታት ስም በሚማልበት ዓለም ይህ ራሱ የእምነት ምስክርነት ነበር። ስለትን በሚመለከት ዘዳግም 23፥21-23ና መጽሐፈ መክብብ 5፥4-5 የተሳለ ሰው እንዳይዘገይ፣ የማይፈጽም ከሆነም ባይሳል እንደሚሻል ያስተምራሉ።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 23 አፉን ለመሐላ ስላስለመደ ሰው ሰፋ አድርጎ ይናገራል። ዘወትር የሚገረፍ አገልጋይ ሰንበር እንደማያጣው ሁሉ ዘወትር የሚምልም ከኃጢአት እንደማይነጻ ይመስላል። እዚህ ላይ ጉዳዩ የሐሰት መሐላ ብቻ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ መጽሐፉ የሚነቅፈው ልማዱን ነው።

አዲስ ኪዳን አንድ እርምጃ ይሄዳል። በማቴዎስ 5፥33-37 ክርስቶስ በሰማይም፣ በምድርም፣ በኢየሩሳሌምም፣ በራስ ጠጉርም ቢሆን ጨርሶ መማልን ከልክሎ፣ ንግግር እውነት ከሆነ አዎን ወይም አይደለም እንዲሆን ያዛል። የያዕቆብ መልእክት 5፥12 ያንኑ ይደግማል። በሌላ በኩል ጳውሎስ በመልእክቶቹ እግዚአብሔርን ምስክር አድርጎ ይጠራል (ሮሜ 1፥9፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 1፥23፣ ገላትያ 1፥20)፤ ወደ ዕብራውያን 6፥13-18ም እግዚአብሔር ራሱ ለአብርሃም በራሱ እንደማለ ያስታውሳል። የኋለኞቹ ሊቃውንት ክርክር የተነሣው እነዚህን ንባቦች ለማስማማት ነው።

በኢትዮጵያ ሰባክያን ዘንድ ስለ መሐላ ሲነገር ደጋግሞ የሚነሣው ታሪክ የሄሮድስ ነው (ማቴዎስ 14፥6-10)። ንጉሡ በልደቱ ግብዣ ላይ ለዘፈነችው ልጅ የለመነችውን ሊሰጣት ማለ፤ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ ስትለምነው ቢያዝንም ስለ መሐላውና አብረውት በማዕድ ስለተቀመጡት ሲል ፈቀደ። የዮሐንስ አንገት የተቆረጠበት ዕለት መስከረም 2፣ ማለትም በእንቁጣጣሽ ማግስት ይታሰባል። የታሪኩ ክብደት ሄሮድስ ቃሉን መጠበቁ ላይ ነው፤ መሐላውን ቢያፈርስ ኃጢአቱ ያንስ ነበር። ክፉ ሥራ ለመሥራት የተማለ መሐላ አያስርም የሚለው ትምህርት በዚህ ላይ ይቆማል።

የዮሐንስ አፈወርቅ ስብከቶች

በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን በመሐላ ላይ እንደ ዮሐንስ አፈወርቅ አጥብቆ የሰበከ ጥቂት ነው። በ387 እ.ኤ.አ. የአንጾኪያ ሕዝብ በቀረጥ ተቆጥቶ የንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች አፈረሰ። ከተማዋ የንጉሡን ቅጣት በፍርሃት ስትጠብቅ፣ ያን ጊዜ ገና ቄስ የነበረው ዮሐንስ በዐቢይ ጾም ወራት በተከታታይ ሰበከ። ብዙዎቹ ስብከቶች የሚጨረሱት መማል እንዲቀር በማሳሰብ ነው። ሕዝቡ ስለ ንጉሥ ቁጣ ሲጨነቅ ሰባኪው ስለ መሐላ መናገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ የእርሱ ክርክር ግን ሰው በእጁ ያለውንና ዛሬ ሊያስተካክለው የሚችለውን ይጀምር የሚል ነበር። መሐላ የለመደበት ሰው ራሱን እራት በመከልከል እንዲቀጣ እስከ መምከር ደርሷል፤ ረኃቡ ምላሱን ያስታውሰዋልና።

ዮሐንስ አፈወርቅ ሌላም ነገር ያነሣል፦ ጥፋቱ የሚምለው ሰው ብቻ ሳይሆን የሚያስምለውም ነው። ባላጋራህ በሐሰት እንደሚምል እየጠረጠርህ «ማልልኝ» ብትለው ወደ ጥፋት የገፋኸው አንተ ነህ ይላል። ለዚህም ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 5 ያየውን፣ በሐሰት ወደሚምል ሰው ቤት ገብቶ እንጨቱንና ድንጋዩን የሚያጠፋውን መርገም ይጠቅሳል። በጎጃም ገጠር «በሐሰት የማለ ቤቱ ባዶ ይቀራል» የሚለው የቆየ ፍርሃትም ከዚህ ንባብ ብዙ አይርቅም።

የዕለት ተዕለት መሐላ

አምበር በአነደድ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ገበያዎች ሁሉ በእህልና በከብት ግብይት ላይ መሐላ የድርድሩ አካል ነው። ሻጩ «ሚካኤልን ከዚህ አልቀንስም» ይላል፤ ገዢው ይሄዳል፤ ሻጩ ይጠራዋል፤ ዋጋው ይቀንሳል። ሁለቱም መሐላውን የሰሙት እንደ ዋጋ መነሻ እንጂ እንደ ቃል ኪዳን አይደለም። ሲራክም ሆነ አፈወርቅ የሚነቅፉት በትክክል ይህን ነው፤ ስሙ ተጠርቶ ምንም አላሰረም።

የሚማልበት ስም ብዙ ጊዜ ከዕለቱ ጋር ይሄዳል። ወሩ በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ስለሚታሰቡ «የዛሬዋን ማርያምን» ወይም «ዛሬ የዋለውን ገብርኤልን» ማለት መሐላውን ያከብደዋል ተብሎ ይታመናል። የአጥቢያው ታቦት ስምም ከሩቁ ይልቅ ይፈራል። «በማተቤ» የሚለው መሐላ በጥምቀት ጊዜ በአንገት የሚታሰረውን ክር የሚጠራ ሲሆን፣ ከዚሁ የተነሣ «ማተብ የለውም» ማለት ክርስትናውን ሳይሆን ታማኝነቱን መካድ ሆኗል።

ሌላው ወገን የፍቅር መሐላ ነው። እንግዳ በማዕድ ላይ ሲያፈገፍግ «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን!» እየተባለ ይጎረሳል። በሰዋስው ረገድ ይህም በራስ ላይ ሞትን መጥራት ነው። ይሁንና ማንም እንደ ኃጢአት ሲናዘዘው አይሰማም፤ ጥብቅ ሰባክያን ግን ከመሐላ አይለዩትም። የወጣቱ «እሙት!» ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው፣ ከጉርሻው ደግነት ግን የቀረለት ጥቂት ነው።

ስም መጥራት ኃይል አለው የሚለው እምነት በተቃራኒው መንገድም ይታያል። የሚያስፈራ በሽታ ወይም ክፉ መንፈስ ሲነሣ «ስሙን ቄስ ይጥራው» ይባላል። ተናጋሪው ቃሉን በአፉ ላለማሳደር ካህኑን ተከላካይ ያደርጋል። ቤተ ክርስቲያን በምታወግዘው የአስማት ጽሕፈት ደግሞ መለኮታዊ ስሞች እንደ መሣሪያ ይደረደራሉ፤ ይህም ሦስተኛው ዓይነት ስምን በከንቱ ማንሣት ነው።

ግዝት

ካህን በተለመደው ትምህርት አይምልም፤ ይገዝታል። የሥልጣኑ መሠረት ተደርጎ የሚጠቀሰው በማቴዎስ 16፥19 እና 18፥18 የተነገረው የማሰርና የመፍታት ቃል ነው። የታሰረ ሰው የሚፈታው በገዘተው ካህን ወይም ከእርሱ በላይ ባለው አባት ነው፤ ምእመናን ካህን ሲያገኙ «ይፍቱኝ» የሚሉት፣ ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታ» የሚለው ከዚሁ የመጣ ነው።

በገጠር ግዝት ለረጅም ጊዜ የፖሊስ ሥራ ሠርቷል። ከብት ሲጠፋ ወይም እህል ሲሰረቅ ባለንብረቱ ካህኑን ይለምናል፤ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን የወሰደውም፣ አይቶ የደበቀውም እንደታሰሩ ይነገራል። ብዙ ጊዜ ዕቃው በሌሊት ደጃፍ ላይ ተጥሎ ይገኛል፤ ወይም ያየ ሰው ለንስሐ አባቱ ይናገራል። ነገር ግን ግዝቱ ከጉዳዩ ባለቤት አልፎ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል የሚለው እምነት ሌላ ጉዳት አምጥቷል። ልጅ የታመመበት ወይም መካን የሆነች ሴት «አያትህ ግዝት አፍርሰው ነበር» ሲባሉ ይኖራሉ፤ ሕክምና ከመፈለግ ይልቅ ያልሠሩትን በደል ሲፈልጉ ጊዜው ያልፋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም አጥብቆ መናገሩ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ ነው። ምዕራፉ ከዚህ በላይ ሊሰበክ የሚገባው ነው።

በመንግሥት ታሪክ

መሐላና ግዝት የኢትዮጵያን ዙፋን ያናወጡበት ዋነኛ ጊዜ 1909 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ መኳንንቱ ምለው ነበር፤ ይህን ቃል በሚያፈርሰው ላይም እርግማንና ግዝት ታውጆበታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መኳንንቱ ኢያሱን ከሃይማኖታቸው ወጥተዋል ብለው ሊያወርዷቸው ሲነሡ እንቅፋት የሆነባቸው አንዱ ይኸው መሐላ ነበር። ስለዚህ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ግብጻዊውን ጳጳስ አቡነ ማቴዎስን ከመሐላው እንዲፈቷቸው ጠየቁ። ጳጳሱ ወዲያውኑ አልፈቀዱም፤ በመጨረሻ ግን ሕዝቡን ከመሐላው ፈትተው ኢያሱን አወገዙ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፣ ተፈሪ መኮንንም አልጋ ወራሽ ሆኑ። የኢያሱ ክስ እውነት ይሁን አይሁን የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። የማይከራከሩበት ነገር ቢኖር ጦር ያላቸው መሳፍንት ያለ አንድ መነኩሴ ቃል መንቀሳቀስ መቸገራቸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከ20 ዓመት በኋላ ይመጣል። አቡነ ጴጥሮስ የኢጣልያን አገዛዝ እንዲቀበሉና አርበኞችን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ እምቢ ብለው በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱም ለወራሪው እንዳትገዛ ገዝተዋል ተብሎ ይተረካል። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ይህ ግዝት ከእርግማን ተራ አይቆጠርም፤ በጥላቻ ሳይሆን በእረኛነት የተነገረ ነውና።

በፍርድና በሽምግልና

በድሮው ችሎት ንግግር ሁሉ በመሐላ የታጀበ ነበር። ሰማንያ በሚባለው ጋብቻ ባልና ሚስት በንጉሡ ስም ይማማሉ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው፣ የተናገረው ማንም ይሁን፣ ባለበት መቆም ነበረበት። በደል ፈጻሚው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እየማለ የሚያውቀውን እንዲያወጣ የሚደረግበት ሥርዓት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባል ነበር፤ በስውር የሚናገረው ምስክር «ወፍ» ይባላል።

ማስረጃ ሲጠፋ ሽማግሌዎች የመጨረሻውን ሸክም በመሐላ ላይ ይጥሉታል። ተከሳሹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በካህን ፊት ወንጌል ወይም መስቀል ይዞ ከማለ ነገሩ ያበቃል። የልማዱ ድካምም ኃይሉም እዚህ ላይ ይገለጣል። መሐላ የሚከብደው ለሚፈራው ሰው ነው። እግዚአብሔርን የሚፈራ ድሀ ያልወሰደውን በሬ ዋጋ ይከፍላል እንጂ እውነት እንኳ ይዞ የታቦት ስም መጥራት አይሻም፤ የማይፈራው ግን ምሎ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን መሐላ እውነትን ከሐሰት ሳይሆን ፈሪን ከደፋር ይለያል። አስተዋይ ሽማግሌ ይህን ስለሚያውቅ ነገሩን ወደ መሐላ ከማድረስ በፊት ደጋግሞ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ዘመድ ያማልዳል፣ ለየብቻ ያነጋግራል። የወንጌሉን «አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም» ትእዛዝ በዚህ ዓይን ሲያዩት የገዳም ትሕርምት ብቻ አለመሆኑ ይታያል፤ ታማኝ ሰው ሐቁን ላለመነጠቅ የሚያስፈልገው ነው።

የደም ጠብ ሲታረቅ ግን መሐላ ሌላ አገልግሎት አለው። በጎጃም የገዳይና የሟች ወገኖች በሽማግሌና በካህን ፊት ዳግመኛ ደም ላለመፈላለግ ይማማላሉ፤ ካህኑም ያፈረሰውን ይገዝታል። እዚህ መሐላው ያለፈ ነገር ማስረጃ አይደለም፣ ለወደፊቱ የሚታሰር ልጓም ነው። ጥብቁን የወንጌል ንባብ የሚያስተምሩ ካህናት ሳይቀሩ በዚህ ሥርዓት ላይ የሚቆሙት የሰው ነፍስ ስለሚያድን ነው።

ዛሬ በመደበኛ ፍርድ ቤት ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ይምላል ወይም ያረጋግጣል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ሐሰተኛ ምስክርነትን ይቀጣል።

ስለት

ስለት የራሱ መጣጥፍ የሚያስፈልገው ሰፊ ርእስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይነሣል፦ ሰው ለሌላ ሰው ሊሳል ይችላልን? ጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስና በዲማ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያልገባው ቃል ዕዳ ይሆንበታል። ዘኁልቍ ምዕራፍ 30 አባት የልጁን ስለት ሊሽር የሚችልበትን ሥርዓት ይደነግጋል፤ ልጅ የአባቱን ስለት ስለሚሽርበት መንገድ ግን ዝም ይላል። የልብ ወለዱ ሕመም ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ስድብ

በማቴዎስ 5፥22 ወንድምን መስደብ ከግድያ ጋር በአንድ አንቀጽ ይነሣል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የስድቦቹ ቃላት «ጨርቃም» እና «ደንቆሮ» ተብለው ተተርጉመዋል። የመጀመሪያው ድህነትን፣ ሁለተኛው አለመማርን የሚነካ መሆኑ በእኛ አገር ስድብ ወዴት እንደሚያነጣጥር ያሳያል።

ከሁሉ የከፋው በሙያ መሳደብ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ»፣ «ቡዳ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ በጎጃምም ሆነ በሌላው አገር ከሰው ተራ ሲገለል ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውን በሥራው መስደብን ከለከሉ። የአዋጁ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዳ ነው፦ የሰው ሁሉ መነሻ አዳምና ሔዋን ናቸው፣ ሌላ ዘር የለም፤ አዳምም በላቡ እንዲበላ ታዟል፤ ስለዚህ ሠራተኛውን የሚሰድብ ይታሰራል። ስድብን የክርስትናና የመንግሥት ጉዳይ ያደረገ ሰነድ ስለሆነ ከአንደበት ጋር በተያያዘ በአገራችን ከተጻፉት ሁሉ ልዩ ቦታ ይገባዋል። ልማዱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ቀጥቃጭ ሠርቶ የሰጠውን ማረሻ ይዞ የሚያርስ፣ ሸክላ ሠሪ በሠራችው ድስት የሚበላ ሰው ሠሪውን ሲሰድብ መኖሩ ከስድብ ታሪካችን የሚያሳፍረው ገጽ ነው።

ሌላው አከራካሪ ነገር የተሸፈነ ስድብ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቁ ናቸው። ሰምና ወርቅ የመለኮትን ምስጢር ለመግለጽ እንደሚያገለግል ሁሉ ባለሥልጣንን ፊት ለፊት ለመንቀፍ፣ አንዳንዴም ባላጋራን እያመሰገኑ ለመስደብ ይውላል። ቃሉ ንጹሕ፣ ወርቁ ስድብ ከሆነ ተናጋሪው ምን ይባላል? ጳውሎስ በኤፌሶን 5፥4 ከክርስቲያኖች እንዲርቅ ከጠቀሳቸው መካከል በግሪኩ «ኤውትራፔሊያ» የሚለው አለ፤ በቃል የመጫወት ፈጣን ብልሃት ማለት ነው። አስደናቂው ነገር ፈላስፋው አሪስቶትል ይህንኑ ቃል ከመልካም ጠባዮች ቆጥሮት ነበር። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ቶማስ አኲናስ ሁለቱን ሊያስታርቅ ሞክሯል፤ ለእርሱ ጨዋታ በልክና በቦታው ሲሆን መልካም፣ ሰውን ሲጎዳ ኃጢአት ነው። በዚህ ሚዛን ድሀ በገዢው ላይ የሚቀኘው ቅኔና ጌታ በአሽከሩ ላይ የሚወረውረው አሽሙር እኩል አይመዘኑም። «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለሁለተኛው የተተወ ነው።

ጾምም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከእህልና ከውኃ የታቀበ ሰው አንደበቱን ካላቀበ ጾሙ ጎዶሎ መሆኑን ይናገራል። በዐቢይ ጾም ሥጋ ሳይቀምስ ጎረቤቱን ሲያማ የሚውል ሰው የሰባክያን የማያልቅ ምሳሌ ነው።

በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ወገን፣ ከነዚህም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የምትመደብበት ልማድ፣ በሕጋዊ ባለሥልጣን ሲጠየቁ መማልን ይፈቅዳሉ። በ1530 እ.ኤ.አ. የቀረበው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ይህን በግልጽ ያሰፍራል። ዳግም አጥማቂዎች በ1527 እ.ኤ.አ. በሽላይትሃይም የተስማሙበት አቋም ግን መሐላን ጨርሶ ይከለክላል፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የበቀለችበት የሜኖናይት ልማድ የዚህ ወራሽ ነው። በእንግሊዝ ኩዌከሮች ባለመማላቸው ብዙ ከታሰሩ በኋላ በ1695 እ.ኤ.አ. በመሐላ ፈንታ ማረጋገጫ እንዲሰጡ ሕግ ፈቀደላቸው። ዛሬ በብዙ አገር ፍርድ ቤት ምስክሩ «እምላለሁ» ወይም «አረጋግጣለሁ» ብሎ እንዲመርጥ የተደረገው የእነዚህ ሰዎች እምቢታ ካተረፈው አንዱ ነው።

ምርቃት

የእርግማን ተቃራኒ ምርቃት ነው፤ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 ከአንድ አፍ በረከትና መርገም መውጣታቸው የተነቀፈውም ሁለቱ አንድ ሥር ስላላቸው ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ ለእያንዳንዱ ቃል ተሰብሳቢው «አሜን» ይላል፤ ያለ አሜን ምርቃቱ አልተቀበለም። ዕርቅ ሲፈጸም፣ ማዕድ ሲነሣ፣ ልጅ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ይመረቃል። ምስጋናውም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እየተባለ መክፈሉን ለሌላ ይተወዋል።

የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም የሚጠራው «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው፤ ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። በገበያ ውስጥ ስሙ ዋጋ ለማስወደድ ይጠራል፣ በደጃፍ ቁራሽ ለመለመን። ባለቤቲቱ የምትሰጠው ባይኖራት እንኳ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብላ በምርቃት ትሸኘዋለች፤ ተማሪውም ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል።